ነፋሱን የሚችል ጋራዥ፦ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ቤት ለጋይንትና ለስማዳ

የላይ ጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከጉና ወደ ጨጨሆ በሚዘረጋው ጀርባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የተከዜና የዓባይ ገባሮች በሚለያዩበት ቦታ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሱቅ በር በድንጋይ ይደገፋል፤ ጋቢ ያልደረበ ሰው ደጅ ብዙ አይቆምም። በዚህ ነፋስ መሐል የመንገድ ዳር በያጅ ሲሠራ ያየ ሰው የምጽፍበት ጉዳይ ቶሎ ይገባዋል። የመውቂያ ማሽን ዘንግ ተሰብሮ መጥቷል። በያጁ ተንበርክኮ ኤሌክትሮዱን ሲያስጠጋ ረዳቱ ከጀርባው አሮጌ ቆርቆሮ ይዞ ነፋስ ይከልልለታል። ቆርቆሮው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሳቱ ይዘላል፤ የተበየደው ቦታም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ባለማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። ክምሩ አውድማ ላይ ነው፤ ማሽኑን የተከራዩት ጎረቤቶቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እንዲህ የተበየደ ዘንግ ስንት ቀን ይሠራል?

ለእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚሆን የብረት ቤት ይሠራ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት በስንት ይሁን?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ግን አሉ። በዚህ አገር የሚሰበረው ምንድን ነው? ነፋሱስ የሚመጣው በየት በኩል ነው? የቤቱ ስፋት፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የመሠረቱ ክብደት፣ የሚገዛው ማሽን ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ መሬቱ የሚታረሰው በበሬ ነው። ተዳፋቱና ገደሉ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ ነው። ስለዚህ በአካባቢው በቁጥር የሚበዛው የእርሻ መሣሪያ ማረሻው፣ ወገሉ፣ ዶማው፣ ማጭዱና መጥረቢያው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ፣ የጀርባ መርጫ፣ ጋሪ፣ መውቂያ ማሽን ይመጣል። ዋልካ በሆነው መሬት ላይ ውኃ የሚያንጣፍፍ ሰፊ መደብ ማውጫም አለ፤ በበሬ የሚጎተት ቢሆንም እሱም ብረት ነው፣ ይጣመማል። ትራክተር የሚገባው ለጥ ያለው መሬት በክላስተር ሲታረስ ነው፤ ኮምባይነር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ዕድል አለው።

ይህን ማለት ያስፈለገኝ የእርሻ ጋራዥ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው የአርሲው ዓይነት ስለሆነ ነው። አሰላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የእርሻ መሣሪያ ማሻሻልን ከሥራው አንድ ክፍል አድርጎ ይዞ ነበር፤ አርሲና ባሌ ዛሬ የኮምባይነር አገር ናቸው። እዚያ ጋራዥ ሲታሰብ መለኪያው ኮምባይነሩ ቢሆን ተገቢ ነው። ያንን ንድፍ አምጥቶ ጋይንት ላይ መትከል ግን ለማይመጣ እንግዳ ትልቅ አዳራሽ መሥራት ይሆናል። መንግሥት በ2011 የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቅድ ማሽን መግዛት ቀለለ። ኩሽኔታና ቺንጋ ፍለጋ ግን ገበሬውን አሁንም 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕር ዳር ያስኬደዋል። የአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ከመንገዱ ወጪ ሲያንስ፣ ሰው ማሽኑን ጥግ አስይዞ ወደ በሬው ይመለሳል። ስለዚህ የጋራዡ የመጀመሪያ ክፍል መሆን ያለበት የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ነው፦ በየቁጥሩ የተደረደረ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ የፓምፕ ጎሚኒ፣ ቡሎንና ዳዶ። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ብዙ ንብረት የጠፋበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ክፍል በድንጋይ ግድግዳና በላሜራ በር ይሠራ ብዬ ስል ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ሁለተኛው ክፍል የባለእጁ ነው። ይህን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ማረሻ የሚቀጠቀጠው፣ ሲደንዝ የሚሳለው፣ ሲያልቅ ጫፍ የሚጨመርለት በባለእጅ ቤት ነው። ባለእጁ ወናፉን እየነፋ ከሰሉን ያቀላል፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የቆረጠውን ብረት በጉጠት ይዞ መዶሻውን ያሳርፍበታል። ያ ብረት ጥሩ ብረት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ይተጣጠፋልም። ባለእጁ የሚያውቀው ግን የብረቱን ስም ሳይሆን ቀለሙን ነው። መቼ እንደሚመታ፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር ከቀለሙ ያነባል። ይህ ዕውቀት በአገራችን ለዘመናት የተሰደበ ዕውቀት ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቀጠለ። ዛሬ በመንግሥት ወጪም ሆነ በማኅበር የሚሠራ ጋራዥ ባለእጁን ከበያጁና ከመካኒኩ ጎን ካላስቀመጠው፣ የአካባቢውን ዋነኛ መሣሪያ የሚጠግነውን ሰው ደጅ አስቀርቶ ቤት ሠራሁ ማለት ነው። ምድጃው የራሱ ጭስ መውጫ ይኑረው፤ ከነዳጅና ከጋዝ ሲሊንደር በድንጋይ ግድግዳ ይለይ፤ ብልጭታው ወደ ሌላው ክፍል እንዳይነዳ ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ ይሁን።

ለብረት ሥራ ክብር ሲነሳ ጋይንትና ስማዳ ያሉበት ደቡብ ጎንደር ከማንም አያንስም። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ የብረት ሥራ መንደር ነበረች። አውሮፓውያን የሚስዮን ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ አቅልጠው ያወጡት እዚያ ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በጋይንት በኩል፣ ፊት ለፊት መንገዱን እያስጠረጉ፣ በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ጋፋት ላይ ግን ሥራው ከንጉሡ ጋር ሄደ። ደብረ ታቦር ተቃጥላ ሠራተኛውም መሣሪያውም ሲነቀል፣ ለአካባቢው ገበሬ የተረፈ ሥራ ቤት አልነበረም። የሥራ ቤት ከአንድ ሰው ፈቃድ ጋር ሲታሰር ዕድሜው የዚያ ሰው ዕድሜ ነው። ወደ መጨረሻው በባለቤትነት ጉዳይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ። ለምን ብረት? ጋይንት ባሕር ዛፍ የሞላበት አገር ነው፤ ድንጋዩም ሞልቷል። ከ6 ሜትር ለማይበልጥ ስፋት የባሕር ዛፍ ጣራ በርካሽ ይሠራል፤ ለመጋዘንና ለቢሮ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ትራክተርና ጋሪ ገብቶ የሚዞርበት፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለበት 10 ሜትር ስፋት ሲፈለግ ግን እንጨት ያስቸግራል። ብልጭታ በሚረጭበት ቤት ውስጥ ደረቅ ባሕር ዛፍ መስቀልም አያስተማምንም። ሞተር ለማንሳት ሰንሰለት የሚንጠለጠልበት ተሸካሚም ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋናው አዳራሽ በብረት፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ከፍታ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ በቆርቆሮ ቢሆን ሁሉም በቦታው ይውላል።

መጠኑን 10 ሜትር በ20 ሜትር እንበል፤ በየ5 ሜትሩ አንድ ጥንድ ቋሚ፣ በድምሩ 10 ቋሚ፣ ከፍታው 5 ሜትር። ገንዘብ ከሌለ በሁለት ክፍል፣ ማለትም በ10 ሜትር ርዝመት ተጀምሮ በኋላ ይቀጠላል፤ በቡሎን የተያያዘ ብረት ለዚህ ምቹ ነው። በሕግም ረገድ አንድ ነገር ልብ ይባል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ምድብ «ሀ» ብሎ በቀላሉ ያለፈው በቋሚዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። 10 ሜትር ከዚህ ወጣ። የባለሙያ ንድፍ፣ ስሌትና ፊርማ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ምክንያቱን ቀጥሎ እናየዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለስሌት መነሻ ያደረገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ገደማ። በንፋስ መውጫ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ በባሕር ጠለል ላይ ግን ከ1.2 ይበልጣል። ይህ ትንሽ ይጠቅመናል። ሆኖም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና በጀርባ ላይ የሚሮጥ ነፋስ ያንን ጥቅም ቶሎ ይወስደዋል። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 22 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ድንገት ሲወረውር ከእጥፍ በላይ ይደርሳል። 4.5 በ4.5 የሆነ በር 20 ካሬ ሜትር ነው። ነፋሱ ሲወረውር በዚያ በር ላይ 900 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው። ይህን ማጠፊያ ላይ የተንጠለጠለ በር ከፍቶ በእጅ የሚይዝ ሰው የለም። በሩ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ይሁን፤ ከታችም መያዣ ይኑረው።

ከዚህ የባሰው ጣራው ነው። ነፋስ ግድግዳን ይገፋል፣ በጣራ ላይ ሲያልፍ ግን ይመጥጣል። በሩ ወደ ነፋሱ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ የገባው አየር ጣራውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲደመሩ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ቢሆን፣ በ200 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 10 ቶን ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል አለ። ቆርቆሮው፣ ፐርሊኑና ትራሱ ተደምሮ ከ4 ቶን ብዙ አይበልጥም። የቀረውን መያዝ ያለበት መሠረቱ ነው። መጠባበቂያ ጨምረን ስናሰላ ለእያንዳንዱ ቋሚ ከአንድ ቶን የሚበልጥ የሚጎትት ክብደት ያስፈልጋል፤ በየአቅጣጫው 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ መሠረት 1,200 ኪሎ ይመዝናልና ይበቃል። ጉብታ ላይ ከሆነ፣ ለማዕዘን ቋሚዎችም፣ ከዚያ በላይ ይሁን። ይህ የእኔ ግምታዊ ስሌት ነው፤ የመሐንዲሱን ስሌት አይተካም። ነገር ግን ቀላል የብረት ቤት ሲሠራ ሰው ስለ መውደቅ እንጂ ስለ መነሳት አያስብም። ቋሚውን በሁለት ቀጭን ፌሮ ከአርማታው ጋር አያይዞ፣ ቆርቆሮውን በሚስማር መትቶ ይሄዳል። ቆርቆሮው ቢያንስ 28 ጌጅ ይሁን፤ በጄ ቦልት ከፐርሊኑ ጋር ይታሰር፤ በጣራው ጠርዝና ማዕዘን ላይ መታሰሪያው ይጥበቅ። በቋሚዎች መካከል በግድግዳም በጣራም የኤክስ ማሰሪያ አይቅር። የሚቆጠበው ጥቂት ብረት ነው፤ የሚጠፋው ጣራው ነው።

ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የሚሠሩት ሼዶች ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል። ብዙ ጊዜ አንድ ንድፍ ለቆላውም ለደጋውም ይሰጣል። ለወረታ ሜዳ የሚሆን በሩ ሰፊ፣ ግድግዳው ክፍት የሆነ ሼድ ለንፋስ መውጫ አይሆንም። በሰሜኑ ደጋ በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ በክረምት ዝናቡ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ይሁን እንጂ በጀርባ ላይ ያለ ቦታ የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ሸለቆ ነፋሱን ያዞረዋል። በሩ በየት ይሁን ከመባሉ በፊት ቦታው አጠገብ የኖሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ የባሕር ዛፉ አጋደል ይታይ። ክምራቸውን በየት በኩል እንደሚከልሉ የሚያውቁ ሰዎች የጋራዡንም በር ያውቃሉ።

ወለሉም ቀላል አይደለም። ቦታው ዋልካ ከሆነ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የፈሰሰ ወለል ይነሳል፣ ይሰበራል። ዋልካው ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ይሞላ፣ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ከዚያ 15 ሴንቲ ሜትር አርማታ ይፍሰስ። የሙሌት ወቅትም ይመረጥ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ አለ፤ ቀን ደግሞ ደረቁ ነፋስ የአዲሱን አርማታ ውኃ ይመጥጠዋል። ያልተሸፈነ ወለል በማግሥቱ ስንጥቅጥቁ የሚወጣው ሲሚንቶው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ ይጠጣ፤ ሌሊት በጭድና በላስቲክ ይሸፈን። ለመካኒኩ ከመኪና ሥር የሚገባበት ፎሳ አንድ ይበቃል፤ ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ታችኛው ተዳፋት ይንጣፈፍ። የተቃጠለው ዘይት ግን በዚያ መንገድ መሄድ የለበትም። ከዚህ ጀርባ የሚወርደው ውኃ ለታች መንደሮች መጠጥ ነው። ዘይቱ በበርሜል ይሰብሰብ፤ መርጫ ማሽንም ከምንጭ ርቆ ይታጠብ።

ብረቱ እዚያው ይበየድ ወይስ ተሠርቶ ይምጣ? እኔ የምመክረው ትራሱ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር በተዘጋ ቤት ውስጥ ተበይዶ፣ ዝገት መከላከያ ተቀብቶ እንዲመጣና እዚህ በቡሎን እንዲገጠም ነው። በነፋስ ውስጥ የሚበየድ መገጣጠሚያ፣ በተለይ በጋዝ የሚሠራው፣ መከላከያ ጋዙ ስለሚነፍስ ውስጡ ባዶ ይሆናል። የሚሸከመውን ነገር ደግሞ ላዩን አይቶ ማወቅ አይቻልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር የተጠቀመበት የኒሰን ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የተፈለሰፈው፣ ቀድሞ ተሠርቶ በጦር ሜዳ የሚገጣጠም ክብ ጣራ የብረት ቤት ነበር፤ ሐሳቡ ያው ነው። የማቆሙ ሥራ በጠዋት ይጀመርና ነፋሱ ሳይነሳ ይቁም። ግማሽ የቆመ ቋሚ ያለ ማሰሪያ አይደር።

ቅዝቃዜው ሌላ ጠላት ያመጣል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ ቶርኖውና ሞርሳው በዚያ ይዝጋል። በጣራው ጫፍ ላይ አየር መውጫ፣ ከግድግዳው ታች መግቢያ ይኑር። ለብርሃን ጣራ ላይ የሚደረገው ላስቲክ መሳይ ቆርቆሮ በበረዶና በፀሐይ ቶሎ ይሰባበራልና ብርሃኑ ከፍ ብሎ ከተሠራ የጎን መስኮት ቢመጣ ይሻላል።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካዋል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ጀነሬተር እዚህ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ለብየዳ ሲገዛ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ መግዛት ኪሳራ ነው። ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ ሞተር ቶሎ ይሞቃል፤ የጋራዡ መካኒክ የሚፈትሸው የመጀመሪያው ነገር ይህ ቢሆን ብዙ ሞተር ይድናል። ለቶርኖና ለትልቅ ብየዳ ሦስት ፌዝ መብራት ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ጥያቄ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ይቅረብ።

ማን ይመጣል? ከታች ጋይንት አርብ ገበያና ከስማዳ ወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ ይወጣል። እስቴ መካነ ኢየሱስ ግን ወደ ደብረ ታቦር ይቀርባል፤ የእስቴን ገበሬ ይህ ጋራዥ ያገለግለዋል ብሎ በዕቅድ መጻፍ ወረቀት ማሳመር ነው። ስማዳም ቢሆን ማሽን ተጭኖ እንዲመጣ ከመጠበቅ፣ ሁለት ሰውና አንድ የመሣሪያ ሳጥን በሞተር ሳይክል ቢወርድ ይቀላል። ሥራው የሚበዛው ከየካቲት እስከ ሰኔ ለእርሻው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ለውቂያው ነው፤ የሠራተኛው ዕረፍትና የዕቃው ግዢ በዚህ ይታቀድ።

ገንዘቡን በተመለከተ የብረት ዋጋ በምንዛሪው ይሄዳል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተሠራ ግምት ዛሬ አያገለግልም። ስለዚህ በሁለት ክፍል መጀመሩን አጥብቄ እመክራለሁ። መጀመሪያ መጋዘኑ፣ የባለእጁ ቤትና 10 ሜትሩ አዳራሽ፤ ቀሪው በሥራው ገቢ። ባለቤቱ ደግሞ አንድ ግለሰብ ወይም አንድ ፕሮጀክት ብቻ አይሁን። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቤቱን ይያዝ፣ በያጁ፣ መካኒኩና ባለእጁ በሥራቸው ይከፈሉ፣ ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡ ልጆች ከእነሱ ሥር ይማሩ።

ይህን ለሚያቅዱት የወረዳ ባለሙያዎችና የማኅበር መሪዎች የምለምነው አንድ ነገር አለ። ንድፉን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ የገበያ ቀን ውሰዱ። ገበሬው ይዞት የመጣውን የተሰበረ ነገር ቁጠሩ፤ ከሰዓት በኋላም ቦታው ላይ ቆማችሁ ነፋሱ ፊታችሁን በየት በኩል እንደሚመታው አስተውሉ። ሁለቱንም በወረቀት ጽፋችሁ ለመሐንዲሱ ስጡት።